ቃሉን የት እንቁረጠው?
(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የምሠራው ነፋስ ስልክ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው፤ የያኔ ሰዎች የባዕዱን ነገር “የነፋስ ስልክ” ብለው ተገላገሉት። እኛ ሐኪሞች ግን እንዲህ አልታደልንም፤ ኮለሲስቴክቶሚን እንዳለ ተሸክመነዋል።

ተለማማጅ ሐኪሞችን ይህን ቃል ሁለት ጊዜ አስቆርጣቸዋለሁ። አንዴ ለትርጉም፦ ኮለ ሐሞት፣ ሲስት ከረጢት፣ ኤክቶሚ ቆርጦ ማውጣት። አንዴ ለአፍ፦ ኮ-ለ-ሲስ-ቴክ-ቶ-ሚ፣ ስድስት ቀለም። ልብ በሉ፣ መቁረጫው ቦታ አንድ አይደለም፤ ትርጉም “ት”ን ለከረጢቱ ይሰጣል፣ አፍ ደግሞ ለሚቀጥለው ቀለም። ጠንከር ብሎ የሚነገረው “ቴክ” ነው፣ ከመጨረሻው ሦስተኛው። በ“ሎጂ”፣ በ“ግራፊ”፣ በ“ቶሚ” የሚያልቁትም እንዲሁ ናቸው። በ“አይቲስ”፣ በ“ኦሲስ”ና በ“ኦማ” የሚያልቁት ግን ከመጨረሻው ሁለተኛው ላይ ይረግጣሉ፤ አፔንዲሳይቲስ ላይ “ሳይ”።

እኛ ለምን እንቸገራለን? ፊደላችን ቀለሞቹን ሁሉ እኩል ደርድሮ ያስቀምጣል። አማርኛ ትርጉም የሚለየው በማጥበቅና በማላላት ነው፤ “አለ” ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ቀለም ያጎላና ሌሎቹን ይውጣቸዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ መዋጥ ነው። ሃይፖግላይሴሚያና ሃይፐርግላይሴሚያን ውሰዱ። ሁለቱም የሚጎሉት “ሴ” ላይ ነው። ስኳር መውረዱን ከመውጣቱ የሚለየው ሁለተኛው ቀለም ደግሞ ከሚዋጡት አንዱ ነው! አነጋገሩ ያማረ ልጅ እንኳ በጥድፊያ ሲናገር ይሰወርበታል። ሌሊት ነው፣ ስልኩ ይቆራረጣል፣ ተረኛው ቸኩሏል። አንደኛው በሽተኛ ግሉኮስ፣ ሌላው ኢንሱሊን ነው የሚፈልገው። ስኳሩ ለወረደበት ሰው ኢንሱሊን ብንሰጠው ልንገድለው እንችላለን።

ስለዚህ እኔ ጋ የሚደውል ተረኛ ቃሉን ብቻ አይነግረኝም። “ስኳሯ 42 ነው፣ ወርዷል” ይለኛል፤ እኔም ደግሜ እነግረዋለሁ። በሪፖርት መሃል አማርኛ መግባቱን እንደ ድክመት የሚያዩ መምህራን አሉ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አልስማማም።

አንድ ልመና አለኝ። በመጀመሪያው ዓመት የሕክምና ቃላት ሲሰጥ፣ ልጆቹ እየሸመደዱ ብቻ ከሚያልፉ፣ ተራ በተራ ጮክ ብለው የሚጠሩበት አንድ ሰዓት ይመደብላቸው። ከተመራቂዎች ፈቃደኛ ካስፈለገ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ አለሁ።