ዋትና ጆሮ፤ የመኪና ስፒከርንና የአምፕሊፋየርን ኀይል ስለ ማመዛዘን

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ከዚህች ከተማ የሚነሣ ሾፌር ወደ ላሊበላ ቢያቀና ተራራ ለተራራ ይጓዛል፤ ወደ ተከዜ ሸለቆ ቢወርድ ደግሞ ከደጋው ብርድ ወጥቶ የአበርገሌንና የዝቋላን ሙቀት ይቀበላል። መንገዱ ጠመዝማዛና አድካሚ በመሆኑ ከመሪው አጠገብ ያለው ቴፕ ለሾፌሩም ለተሳፋሪውም የጉዞ ጓደኛ ነው። ዘፈኑም፣ መዝሙሩም፣ ዜናውም፣ ከአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃን በኽምጣና ቋንቋ የሚተላለፈው ዝግጅትም ወደ መንገደኛው ጆሮ የሚደርሰው በዚሁ መሣሪያ ነው።

ይህንኑ መሣሪያ ለማሻሻል ሲባል ግን ብዙ ገንዘብ ያለ አገባብ ይባክናል። ሾፌሩ ወደ ሱቅ ገብቶ «ትልቁን አምጣልኝ» ይላል፤ ባለሱቁም በካርቶኑ ላይ «300 ዋት» ተብሎ የተጻፈበትን ስፒከር ያወጣለታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ስፒከሩ ያንኮራፋል፤ ቀጥሎም ዝም ይላል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ኀይል በዛበት» የሚል ነው። ጉዳዩ በሚዛን ሲታይ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ይኸውም ገዥውም ሻጩም ሊመለከቱት የሚገባውን ቁጥር ትተው ሊመለከቱት የማይገባውን ቁጥር ማመናቸው ነው።

በመጀመሪያ የካርቶኑ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ መመርመር ይገባል። በአንድ ተራ የመኪና ቴፕ ላይ «50 ዋት በ4» የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ ድምሩ 200 ዋት መሆኑ ነው። ከቴፑ ጀርባ የተሰካውን ፊውዝ ብንመለከት ግን ብዙውን ጊዜ 10 አምፔር ነው። ሞተር ሲሠራ የባትሪው ቮልት 14.4 ያህል ስለሚሆን፣ መሣሪያው ያለማቋረጥ ሊስበው የሚችለው ከ144 ዋት አይበልጥም። ከሚስበው የበለጠ የሚሰጥ መሣሪያ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ሒሳቡን እናስላው። በ14.4 ቮልት የሚሠራ፣ ሁለት ማጉያዎች ተደጋግፈው አንድ ባለ 4 ኦም ስፒከር የሚገፉበት ቴፕ፣ ያልተበላሸ ሞገድ ሲያወጣ በንድፈ ሐሳብ የሚሰጠው 26 ዋት ገደማ ነው። በውስጡ የሚጠፋው ሲቀነስ በተግባር 17 ወይም 20 ዋት ይቀራል። ታዲያ 50ው ዋት ከየት መጣ? የሞገዱ ጫፍ ላይና ታቹ ተቆርጦ ፍጹም አራት ማዕዘን ቢሆን፣ 14.4 በራሱ ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 52 ዋት ያህል ይሰጣል። ካርቶኑ የሚያወራው ይህን ኀይል ነው። ይህ ግን ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም።

ስለዚህ ሊታመን የሚገባው ቁጥር መሣሪያው ያለማቋረጥ ሊሰጥ ወይም ሊቀበል የሚችለው ኀይል ነው፤ በመሣሪያው መግለጫ ላይ «አር ኤም ኤስ» በሚሉ ፊደላት ይጻፋል። «300 ዋት» የተባለው ስፒከር በዚህ ሚዛን ሲመዘን 40 ዋት ሆኖ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ ለዕለት ተዕለት ማዳመጥ ስንት ዋት ይበቃል የሚለው ነው። መልሱ ብዙዎችን ያስገርማል። አንድ የተለመደ የመኪና ስፒከር በ1 ዋት ኀይል በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል ያህል ድምፅ ይሰጣል። ኀይሉ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «ድምፁ እጥፍ ሆነ» የሚለው ደግሞ 10 ዴሲቤል ሲጨምር፣ ማለትም ኀይሉ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ነው። ከዚህ የምንረዳው 88 ዴሲቤል የሚሰጠውን ስፒከር ትቶ 91 የሚሰጠውን የመረጠ ሰው፣ አንድ ሳንቲም ለአምፕሊፋየር ሳያወጣ የአምፕሊፋየሩን ኀይል በእጥፍ እንዳሳደገ ይቆጠራል ማለት ነው። ይህ የስፒከር ጠባይ ከዋት ይልቅ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል፤ ሆኖም በሱቅ ውስጥ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው።

ሙዚቃ ደግሞ አንድ ዓይነት ከፍታ ይዞ አይሄድም። ከበሮው ሲመታ ሞገዱ ይዘላል፤ ወዲያው ይወርዳል። የዝላዩ ኀይል ከአማካዩ ዐሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም 20 ዋት ያለው ቴፕ ሳይንተራስ የሚያጫውተው አማካይ ኀይል 2 ዋት ያህል ነው። ይህም ለአንዲት አነስተኛ መኪና ከበቂ በላይ ነው። በአረጀ ሚኒባስ ወይም በቅጥቅጥ አይሱዙ ውስጥ ግን የሞተሩና የጎማው ድምፅ ሙዚቃውን ስለሚውጠው፣ ሾፌሩ መዘውሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ችግሩ የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። ቴፑ ዐቅሙ ሲያልቅ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጣል፤ አማካዩ ኀይልም ከ2 ዋት ተነሥቶ ወደ 30 እና ወደ 40 ዋት ያሻቅባል። በስፒከሩ መሐል ያለው ቀጭን የመዳብ ጥቅልል የሚቃጠለው በዚህ የማያቋርጥ ሙቀት ነው። ከቆረጣው የሚወለደው ስለታም ድምፅ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር ከሁሉ አስቀድሞ ይገድለዋል።

እንግዲህ የማመዛዘኑ ደንብ አጭር ነው። ስፒከሩ ያለማቋረጥ 50 ዋት የሚቀበል ከሆነ፣ አምፕሊፋየሩ በአንድ መስመር ከ40 እስከ 60 ዋት ያለማቋረጥ የሚሰጥ ይሁን። ከዚህ እጅግ ያነሰው ቶሎ ይጨነቃል፤ እጅግ የበለጠው ደግሞ በአንድ የእጅ ስሕተት ስፒከሩን ይቀደዋል። ጮክ ማድረግ የማይወድ ሰው ግን አምፕሊፋየር መግዛት ሳያስፈልገው፣ በቴፑ ብቻና በጥሩ ስፒከር ዘመኑን ሊጠቀም ይችላል።

ከኀይል ቀጥሎ ሦስት የገመድ ሥራ ስሕተቶች ሊጠቀሱ ይገባል። አንደኛው የኦም ነው። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ቢታሰሩ ሸክሙ 2 ኦም ይሆናል፤ ቴፑም ከተወሰነለት በላይ ኤሌክትሪክ ሲስብ ይግላል። አራት ስፒከር ማሰር ግድ ከሆነ፣ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አስሮ ጥንዶቹን ጎን ለጎን ማገናኘት ሸክሙን ወደ 4 ኦም ይመልሰዋል። ሁለተኛው የሽቦ ውፍረት ነው። 0.75 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ የ5 ሜትር ሽቦ 10 አምፔር ቢያልፍ ከ1 ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል፤ ኀይሉም ከ15 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ሦስተኛው በጭነት መኪናና በቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ የሚታየው ነው። እነዚህ መኪናዎች ሁለት ባትሪ ደርድረው በ24 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ለባለ 12 ቮልቱ ቴፕ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ የሚወሰድበት ልማድ አለ። እንዲህ ሲሆን አንደኛው ባትሪ ሲራብ ሁለተኛው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ሳይቆዩ ያልቃሉ። ትክክለኛው መንገድ 24ቱን ቮልት ወደ 12 የሚያወርድ መሣሪያ በመሐል ማስገባት ነው።

የዋግ ምድር አቀማመጥም የራሱ ድርሻ አለው። በሰቆጣ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ስፒከሩ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢርገበገብም የሚሰጠው ድምፅ 2 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል፤ የሳሳው አየር ሙቀትን የማራቅ ችሎታውም ይደክማል። ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፤ ነገር ግን መኪናው ራሱ ይግላል። የመዳብ ጥቅልሉ ሙቀት በ100 ዲግሪ ሲጨምር የመዳቡ እንቢታ ወደ 40 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ ድምፁም ይደክማል። ሾፌሩ ድካሙን አይቶ መዘውሩን ቢጨምር ሙቀቱን ያባብሳል እንጂ ድምፁን አያተርፍም። በዚህ ጊዜ የሚበጀው መቀነስና ማሳረፍ ነው።

ከገንዘቡ ኪሳራ የሚከብደው ግን የሰው ጉዳት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለ8 ሰዓት ሥራ የወሰነው የድምፅ ጣራ 85 ዴሲቤል ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ያንሳል፤ በ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሾፌር ደግሞ ከማለዳ እስከ ማታ ከስፒከሩ አጠገብ የሚውል ሠራተኛ ነው። የተሰበረ ስፒከር በሌላ ይተካል፤ የደነቆረ ጆሮ ግን መለዋወጫ የለውም። ከዚህም በላይ በገደል አፋፍ ወደ ኋላ በሚመልስበት ጊዜ የረዳቱን «ቁም!» የሚል ድምፅ ያልሰማ ሾፌር፣ የተሳፋሪውን ነፍስ ለአንድ ዘፈን አስይዟል።

ስለዚህ በጋራዥ የሚሠራው ባለሙያ አምፕሊፋየር ሲገጥም ይህን ሥርዓት ቢከተል ይጠቅማል። የወፍራምና የቀጭን ድምፅ መቆጣጠሪያዎችን መሐል ላይ ያድርግ። የቴፑን ድምፅ እስከ ሦስት አራተኛው ከፍ ያድርግ። ከዚያም የአምፕሊፋየሩን ጌይን ቀስ በቀስ ይጨምር፤ ድምፁ መሻከር እንደ ጀመረ መልሶ ጥቂት ይቀንስና እዚያው ያስቀምጠው። ጌይን የሁለቱ መሣሪያዎች መስማሚያ ነው፤ የድምፅ ማጮኺያ አይደለም። በመጨረሻም በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ የስፒከሩን እውነተኛ ዋት፣ የኦሙን ልክና የመዘውሩን ወሰን ጽፎ ለባለመኪናው ይስጠው።

በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በሰቆጣ ሻደይ ሲከበር፣ የልጃገረዶቹ ከበሮ ያለ አንዳች ዋት አደባባዩን ይሞላዋል። ከበሮ መቺዋ ቆዳው የቻለውን ያህል እንጂ ክንዷ የቻለውን ያህል አትመታም። ይህን ልክ በቁጥር ለክቶ ለሾፌሩና ለባለጋራዡ ማስረዳት የምሕንድስና ሰዎች ድርሻ ነው፤ የማኅበሩ አባላትም በየተመደቡበት ቦታ ሳይሰለቹ ሊያስተምሩት ይገባል።