ጎተራው ሳይሞላ



ሰቆጣ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው በዓል ነሐሴ 16 ይገባል። ልጃገረዶች ስሙን ለበዓሉ ያወረሰውን ለምለም ሣር፣ ሻደይን፣ ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ እየመቱ ይጨፍራሉ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ልብሱንና ሹሩባውን አይቶ ይመለሳል። ወሩን ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። ነሐሴ በገበሬ ቤት የጭንቅ ወር ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ተሟጧል፣ ማሽላው ገና አላሸተም። የሰቆጣ አገር ዋግ ከበሮዋን የምታነሣው አውድማው ሲሞላ ሳይሆን ጎተራው ሲጎድል ነው። እህሉ ገና ሳይታፈስ፣ ለበቀለው ሣር ታመሰግናለች።

ይህ ችግርን ለማሳመር የሚነገር አይደለም። የተራበን ሰው አመስግን ማለት ነውር ነው፤ ዋግም ረሃብን በዓመተ ምሕረቱ ለይታ ታውቀዋለች። በ1977 ከእነዚህ ተራሮች ወርደው፣ ልጅ አዝለው፣ እህል ፍለጋ ወደ ኮረም የተጓዙ ነበሩ። ብዙዎች አልተመለሱም። ከተመለሱት መካከል ዛሬ በዚህ የምርቃት አዳራሽ አያት ሆነው የተቀመጡ ሊኖሩ ይችላሉ።

በሐምሌ 2007 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ሰነዱን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ጠራው። በድርቅ ዜና ይነሣ የነበረ ስም የሀገር መሐላ ሆነ። ቁልፉ ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ልደት ያሉት 1000 ቀናት ናቸው፤ በእነዚያ ቀናት የጎደለውን በኋላ መሙላት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ የጤና፣ የግብርናና የውኃ ባለሙያዎች በአንድ ሕፃን ጉዳይ አብረው እንዲቀመጡ ተጠየቀ። ከዛሬዎቹ ተመራቂዎች አንዳንዶቹ የሚሄዱት ወደዚሁ ሥራ ነው።

የሚሄዱት ግን በቀላል ዘመን አይደለም። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ደረሰ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በከተማዋ ተጠለሉ። በ2015 ክረምት ዝናቡ ቀርቶ የዝቋላና የሰሃላ ወረዳዎች ደረቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰቆጣ ውስጥ ዶላር የያዘ ሰው ጥቂት ነው፤ ዘይትና መድኃኒት የማያስፈልገው ግን የለም። ተማሪዎቹ ደብተር የያዙት በዚህ ሁሉ መሐል ነው። የቤት ኪራይና የወረቀት ዋጋ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ፍየል የሸጡት እናቶች ናቸው።

ታዲያ ጽናት እዚህ አገር ምን ይመስላል? የተከዜ ግድብ በ2002 ሲመረቅ ኃይሉ 300 ሜጋ ዋት፣ ቁመቱ 188 ሜትር ነበር። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ውኃ ግን ለአበርገሌና ለዝቋላ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ ፍየል ሲጠብቅ ያደገ ጎልማሳ መረብ መጣል ተማረ፤ ቆሮሶና አምባዛ የተባሉት ዓሦች ገበያ ወጡ። ማንም በፍየል አርቢነቱ አላፈረም፣ በዓሣ አጥማጅነቱም አልተኩራራም። በተራራውም እንዲሁ ነው። እርከን ተሠርቶለት ከሰውና ከከብት ንክኪ የተከለለ ገደል ቁጥቋጦው ሲመለስ ንብ ይመለሳል፤ የዋግ ነጭ ማር የሚገኘው ከዚያ አበባ ነው። እርከኑን የካበው ሰው ድንጋይ ሲሸከም ማሩን አላየውም።

በዋግ «እንዴት ሰነበታችሁ?» ሲባል መልሱ «ተመስገን» ነው፣ ቤቱ ቢጎድልም። ከዚያ ቃል በኋላ የሚመጣው ወሬ ግን መደመጥ አለበት፦ በሬ ያዋሰው ማን እንደነበር፣ ልጁን ሐኪም ቤት ያደረሰው ማን እንደነበር። ምስጋናው ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም በስሙ ይጠራል። ተመራቂዎቹም ዛሬ ማታ እቤት ሲገቡ የሚጠሩት ስም አያጡም።

ነሐሴ 16 ሲደርስ ብዙዎቹ ሥራ ፈላጊዎች፣ አንዳንዶቹም አዲስ ሠራተኞች ይሆናሉ። ሻደይ ወገባቸው ላይ አስረው በአጠገባቸው ከሚያልፉት ልጃገረዶች መካከል ትንንሾቹ፣ 1000 ቀናቸውን የጀመሩት ሰቆጣ ስሟን ለዚያ ቃል ኪዳን ከሰጠች በኋላ ነው።