ለሰላም ጉባኤ የምትላክ ሴት ምን ይዛ ትሄዳለች?
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላነሣላችሁ ያሰብሁት ጉዳይ በጽሕፈት ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚያልፍ፣ ነገር ግን ብዙ የማይታሰብበት ነው። ከውጭ አገር አንድ የጥሪ ደብዳቤ ይመጣል፤ ስለ ሰላም የሚመክር የሴቶች ጉባኤ ስለሚደረግ አንዲት ሴት ተመርጣ ትላክ ይላል። ፓስፖርቱ፣ የአውሮፕላን ቲኬቱና የውሎ አበሉ ይዘጋጃል፤ ተላኪዋም ሄዳ ትመለሳለች፤ ሪፖርቷን ታቀርባለች፤ ሪፖርቱም ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ያቺ ሴት ምን ይዛ ሄደች፣ ምንስ ይዛ ተመለሰች ብዬ እጠይቃችኋለሁ።

ይህን ለመመለስ እንዲህ ያለው ጉባኤ እንዴት እንደ ተጀመረ ማስታወስ ይጠቅማል። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ ከሚያዝያ 20 እስከ ሚያዝያ 23 ቀን 1907 ዓ.ም.፣ ከ12 አገሮች የመጡ ከ1,100 የሚበልጡ ሴቶች በሆላንድ አገር በሄግ ከተማ ተሰበሰቡ። ጉባኤውን በማሰናዳት የደከሙት የሆላንድ ተወላጅ የሆኑት ሐኪም ዶክተር አሌታ ጃኮብስ ሲሆኑ፣ በሊቀ መንበርነት የመሩት አሜሪካዊቱ ወይዘሪት ጄን አዳምስ ነበሩ። የጠራቸው መንግሥት አልነበረም፤ እንዲያውም ብዙዎቹን መንግሥታቸው ከለከላቸው፤ ጋዜጦችም ዘበቱባቸው።

እነዚህ ሴቶች ካወጡት ደንብ አንዱ እጅግ ያስደንቃል። ይኸውም ጦርነቱን የጀመረው ማን ነው፣ ጥፋተኛውስ ማን ነው የሚለው ክርክር በጉባኤው እንዳይነሣ የሚል ነው። ይህን ያደረጉት ለእውነት ደንታ ስላልነበራቸው አይደለም። ያን በር ቢከፍቱት ኖሮ የጀርመንና የቤልጂክ ሴቶች በአንድ አዳራሽ ሊቀመጡ ባልቻሉ ነበርና ነው። አስቀድሞ እሳቱ ይጥፋ፤ የለኰሰው በኋላ ይጠየቃል አሉ። ሃያ ውሳኔዎችንም ካወጡ በኋላ ወረቀቱን በፖስታ ልከው አልተቀመጡም፤ ከመካከላቸው መልእክተኞችን መርጠው ወደ ለንደን፣ ወደ በርሊን፣ ወደ ቪየና፣ ወደ ሮም፣ ወደ ፓሪስና ወደ ፔትሮግራድ ሰደዱ። መልእክተኞቹም ከየአገሩ ሚኒስትሮች ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ጦርነቱ በዚህ አልቆመም፤ እስከ 1911 ዓ.ም. ዘልቋል። ነገር ግን ከዚያ ጉባኤ የተወለደው የሴቶች ዓለም አቀፍ የሰላምና የነጻነት ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ አለ፤ ወይዘሪት አዳምስም በ1924 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተቀበሉ።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። ከእናንተ መካከል ለስብሰባ ወደ አዳማ ወርዶ የማያውቅ ጥቂት ነው። ቀድሞ ናዝሬት እንላት የነበረችው ይህች ከተማ ዛሬ የአዳራሾችና የሆቴሎች ከተማ ናት፤ ስለ ሰላምና ስለ መቻቻልም ብዙ ቃለ ጉባኤ ተጽፎባታል። ስብሰባው ሲያልቅ ግን መኪናችን ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን መቂን፣ ዝዋይን ማለት ባቱን፣ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን ይዘን ብንወርድ ኖሮ፣ በሄግ የታሰበውን ነገር ከሄግ አስቀድሞ ሲሠሩበት የኖሩ ሴቶችን ባገኘን ነበር።

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ አንዲት ልጅ በምትዳርበት ቀን ከእናቷ እጅ ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር ትቀበላለች። ይህች በትር ለመምቻ አይደለችም፤ የክብሯና የመብቷ ምልክት ናት። ባል ሚስቱን ቢበድል ተበዳይቱ እልል ትላለች፤ ድምፁን የሰሙ ሴቶችም ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩም ይቅርታ ጠይቆ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ጎሣዎች ሊዋጉ ሲሰለፉ ደግሞ ሲንቄ የያዙ ሴቶች በመካከል ገብተው ይቆማሉ። እነርሱን አልፎ መምታት በሰውም በዋቃም ፊት የሚያስጠይቅ ታላቅ ነውር ስለሆነ ጠቡ ይበርዳል፤ ማን በደለ፣ ማን ይካስ የሚለውም ለሽማግሎች ይተዋል። የዚህ ሥርዓት አቃፊ የሆነው ገዳም ኅዳር 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የዩኔስኮ ኮሚቴ ስብሰባ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

በአማርኛ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያልን በሌላው ጉዳይ ጥልቅ የሚለውን ሰው እንነቅፋለን። ነገር ግን የሄግ ሴቶችም የአርሲ ሴቶችም የሄዱት ሳይጠሩ ነው። ጠበኞች አስታራቂን እስኪጠሩ መጠበቅ ሬሳ እስኪቈጠር መጠበቅ ነውና። ደግሞም «ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» ይባላል። እውነት ነው፤ በፉከራውና በሽለላው ጊዜ የሴት እልልታ ስንቱን ጎበዝ ወደ ሞት ሰድዷል! እንግዲህ ሴት ሁሉ በተፈጥሮዋ የሰላም ሰው ናት ብለን ራሳችንን አናታልል። የመላክ ኃይል ያለው አንደበት የማስቀረትም ኃይል አለው፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ግን አስቀድሞ ሊመከርበት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት በሻሸመኔ፣ በአርሲ ነገሌና በባቱ ሰዎች ተገድለዋል፤ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ሱቆች ተቃጥለዋል። ሲንቄ ባለበት አገር ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ሲንቄ የሚያቆመው ሲንቄን የሚያውቀውንና የሚያፍራትን ሰው ነው። ከተማ ግን ከየአውራጃው የመጣ፣ ቋንቋውም ሃይማኖቱም የተለያየ ሕዝብ የሚኖርበት ነው፤ ወጣቱም ከእናቱ ቃል ይልቅ ከስልኩ የሚሰማውን ያምናል። ዓለም አቀፉ ውሳኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ጥቅምት 21 ቀን 1993 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 1325 ሴቶች በእርቅና በሰላም ንግግር እንዲሳተፉ አሳስቧል፤ ነገር ግን በአንድ ሰፈር መንገድ ላይ ድንጋይ ያነሣ እጅ ይህን ቁጥር አያውቀውም። እንግዲህ ውሳኔው ስፋት አለው፣ ግርማ የለውም፤ ሲንቄ ግርማ አላት፣ ስፋት ይጎድላታል።

በከፍተኛው መድረክም ቢሆን ጉድለቱ ያው ነው። ለሁለት ዓመት ያህል የቆየው የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ሲቆም፣ የአፍሪካ ኅብረት ከሰየማቸው ሦስት አደራዳሪዎች መካከል ደቡብ አፍሪካዊቱ ወይዘሮ ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። በሁለቱ ወገኖች ስም ፊርማቸውን ያኖሩትም ወንዶች ናቸው። በጦርነቱ የተጎዱት ሴቶች ቍጥር ግን ከሦስት አንድ ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ከአዳማ ወይም ከሻሸመኔ አንዲት ሴት ለዓለም ጉባኤ ስትመረጥ፣ እንግሊዝኛ ማወቋ ብቻ መመዘኛ አይሁን። ከመሄዷ አስቀድማ ከሲንቄ እናቶችና ከዕድር ሴቶች ጋር ትቀመጥ፤ ጥያቄያቸውን ትቀበል። ዕድር ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በእነዚህ ከተሞች ኦሮሞውና አማራው፣ ጉራጌውና ወላይታው፣ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ድንኳን ሥር ለቅሶ የሚቀመጡባቸው ብዙ ዕድሮች አሉ። ሲንቄ ያልደረሰችበት ሰፈር ዕድር ይደርሳል። ተላኪዋ ስትመለስም ሪፖርቷ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ በእነዚያው ሴቶች ፊት ይነበብ። እነርሱም ክፉ ወሬ በተሰማ ቀን ማን ማንን እንደሚጠራ፣ የት እንደሚቆሙ፣ በየቤታቸው ያለውን ወጣት ማን እንደሚያስቀር አስቀድመው ይወስኑ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከአንድ የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ ያነሰ ይበቃዋል።

ምናልባት «እኔ ጉባኤ የምላክ ሰው አይደለሁም» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። በ1907 ዓ.ም. ወደ ሄግ ለመሄድ ከተሰናዱት ከ180 የሚበልጡ የእንግሊዝ ሴቶች መካከል ከአገራቸው ተነሥተው ለመድረስ የቻሉ አልነበሩም ማለት ይቻላል፤ የሰሜን ባሕር ለመርከብ ተዘግቶ ነበርና። መሄድ ከተከለከሉት አንዷ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። እኒህ ሴት የጉባኤው በር ቢዘጋባቸው ብዕራቸውን አላስቀመጡም። ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚጮህ ጋዜጣ በለንደን ጀመሩ፤ ሃያ ዓመትም አዘጋጁት። በኋላም ወደ አገራችን መጥተው ሲኖሩ፣ በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ፍትሕ የሌለበት ሰላም ሰላም አለመሆኑን ከእርሳቸው እንማራለን።

እንግዲህ እናንተ በየጽሕፈት ቤቱ ያላችሁ፣ ተላኪዋን የምትመርጡ፣ ደብዳቤዋን የምትጽፉ፣ ሪፖርቷን በመዝገብ የምታስገቡ ሁሉ፣ የሚቀጥለው የጥሪ ደብዳቤ በጠረጴዛችሁ ላይ በደረሰ ጊዜ «ማን ትሂድ?» ከማለታችሁ በፊት «የማንን ቃል ይዛ ትሂድ?» በሉ። በተመለሰችም ጊዜ ሪፖርቷን ከመዝገብ ቤት አስቀድማችሁ ወደ ዕድሩ ድንኳን ላኩት።

ሰላም ለአገራችን ይሁን።