ዓይን ሳያም ይጠፋል
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ ዓይን ነው። ጥርሱን የታመመ ሰው ሌሊቱን ሲቃትት አድሮ ሲነጋ ወደ ሐኪም ይሮጣል። ዓይን ግን ሳያም ሊጠፋ ይችላል። ኤች አይ ቪ በደሙ ላለ ሰው ይህን ማወቅ እጅግ ያስፈልገዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ በብዙ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ተኝቶ ይኖራል። ከበሽታ የሚጠብቁን ሲዲ ፎር የተባሉት የደም ሕዋሳት በጤነኛ ሰው በአንድ ኩብ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ከ500 በላይ ናቸው። እነዚህ ከ50 በታች ሲወርዱ ግን ያ ቫይረስ ይነሣና ከዓይን በስተኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፥ ማለት ሬቲናን፥ ያጠፋል። ታማሚው መጀመሪያ እንደ ትንኝ የሚንሳፈፉ ነጠብጣቦችና ብልጭታ ያያል፤ ሕመም ስለሌለው ግን «ድካም ነው» ብሎ ይቀመጣል። የሞተው የሬቲና ክፍል ደግሞ ተመልሶ አይድንም።

እ.ኤ.አ. ከ1996 በፊት በአሜሪካ ከሦስት ወይም ከአራት የኤድስ ሕሙማን አንዱ በዚህ በሽታ ይያዝ ነበር። ተጣምረው የሚሰጡት የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ከተገኙ ወዲህ ግን በሽታው በጣም ቀነሰ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ጀመረ። እንግዲህ የዓይን ዋናው ጠባቂ በጊዜ መመርመርና መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ነው።

ሌላም ምልክት አለ። አልማዝ ባለጭራ በግንባርና በአፍንጫ ጫፍ ላይ ሲወጣ ዓይንን ሊጎዳ ይችላልና፥ በሦስት ቀን ውስጥ ሕክምና መጀመር ይገባል። በወጣት ላይ ሲወጣም ደምን ማስመርመር ተገቢ ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ታማሚውን የሚያስደብቀው የሰው ምላስ ነው። ጎረቤት ያየኛል ብሎ ከጤና ጣቢያ የቀረ ሰው ስንት ነው! ስለዚህ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንሰናበት ተማሪዎች ወደየቤታችን ስንመለስ፥ ዓይኑ የደከመውን ሰው ምክንያቱን ሳንጠይቅ እጁን ይዘን ወደ ሐኪም እናድርስ። የተማርነው ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?