መደርደሪያችን ላይ ያሉት መጻሕፍት
(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ዛሬ የማቀርበው ሙሓደራ አይደለም፤ እኔም ዓሊም አይደለሁም። ልደታ ተወልጄ ያደግሁ፣ ማንበብ የምወድ ሰው ነኝ። አዘጋጆቹ «የሙስሊም ቤት መደርደሪያ ላይ ምን ይቀመጥ?» ብለው ጠየቁኝ። ፈትዋ መስጠት የባለቤቶቹ ነውና፣ እኔ እንደ አንድ አንባቢ የወደድኩትንና ቅር ያለኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የማነሳው በ1961 ዓ.ም የታተመውን የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ነው። ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ የደከሙበት ሥራ ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። አንዳንዱ «አማርኛው ይከብዳል» ይላል። ይከብዳል፤ ነገር ግን ክብደቱ ከዐረብኛው ላለመራቅ ከመጠንቀቅ የመጣ ይመስለኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በብዙ ቤት በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይቀመጣል። ማክበራችን ነው፣ ግን ለማውረድ ወንበር የሚያስፈልገው መጽሐፍ ከረመዷን ረመዷን ሳይገለጥ ይከርማል።

ልብ ወለድ ቤቱ የማያስገባ አባት አለ። ጭንቀቱ ይገባኛል፤ ሁሉም ልብ ወለድ ለልጅ አይሰጥም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን እኔ አልከለክልም። በ1958 ዓ.ም የታተመ ነው፤ ብዙዎቻችን ከማንበባችን በፊት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማነው። ታሪኩ የጎጃም ባላባትና የካህናት ኑሮ ነውና «እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው በዘር የሚመጥናት ሲፈልጉ ዕድሜዋን አሳለፉባት። አሁን እስቲ ወደ ራሳችን ሳሎን እንመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዲኑንና አኽላቁን የወደዳችሁለት ሰው ልጃችሁን ሲጠይቅ ዳሩለት ብለው አስተምረውናል። እኛ ግን የሚሰግድ፣ ሠርቶ የሚበላ ልጅ ሽማግሌ ሲልክ አስቀድመን «የየት አገር ሰው ነው? የማን ዘር ነው?» እንላለን። በአንድ መስጊድ አብረን ሶፍ ቆመን፣ በጋብቻ ጊዜ አጥንት እንቆጥራለን። ይህን መጽሐፍ ከሴት ልጆቹ ይልቅ አባቶች ቢያነቡት እመርጣለሁ።

ስለ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ብዙ እጠየቃለሁ። ዐረብ ፈቂህ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኢማም አሕመድ ዘመቻዎች የጻፈው ነው፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቷል። ትልቅ የታሪክ ምንጭ መሆኑን አልክድም። ሆኖም የጦርነት መጽሐፍ ነው፣ ወገን ይዞ የተጻፈ ነው። አንዱ ለፉከራ፣ ሌላው ለቂም ሲጠቅሰው እሰማለሁ። እኔ ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ስም በሚጠራ ሰፈር፣ ክርስቲያን ጎረቤት ጋር በአንድ ግቢ ቡና እየተጠራራን ነው። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብቻውን አልሰጠውም፤ አብሬው ተቀምጬ አነበዋለሁ።

ከእርሱ ጋር የፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድን መጽሐፍ ብናነብ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና ነው። ሊቁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አርፈዋል። ሰይፍ የያዘ ብቻ ሳይሆን ኪታብ የያዘም ታሪክ እንደሚሠራ እዚያ ይታያል። ሸኾቹ፣ ደረሶቹ፣ የቂርኣት ማዕከላቱ ሁሉ አሉበት። ጉድለቱ፣ እንግሊዝኛው የምሁር ነውና ለተራ አንባቢ ይደርቃል።

ወጣቶች የማልኮም ኤክስን የሕይወት ታሪክ ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 ከተገደለ በኋላ ታተመ። ወጣቶቹ ሲያወሩልኝ የጎዳናው ዘመን ላይ ይቆማሉ። እኔ ግን እስር ቤት መዝገበ ቃላት ገጽ በገጽ እየገለበጠ ንባቡን ያሰፋበትንና በ1964 ሐጅ ሲያደርግ ነጭና ጥቁር በአንድ ማዕድ ማየቱን ደግመው እንዲያነቡ እለምናለሁ።

አሁን አንድ አስቸኳይ ነገር አለኝ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የልደታ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን በጥድፊያ ጫነ። አልጋውና ድስቱ ተጫነ፤ የአያት ኪታብ ያለበት ሣጥን ግን «አቧራ ነው» ተብሎ የቀረበት ቤት አውቃለሁ። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ሁሉ ዐረብኛ አይደለም። የወሎ ዑለማዎች፣ እነ ሸኽ ጦልሓ ጃዕፈር፣ በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ጽፈዋል፤ ዐጀሚ የምንለው ነው። ዐረብኛ የሚያነብ ግን አማርኛ የማያውቅ ሰው ቢያየው አይገባውም፤ አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ደግሞ ፊደሉን አያውቀውም። እንዲህ ባለ ምክንያት የአያቱን ቃል የጣለ ስንቱ ነው?

ሐረር ውስጥ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ሙዚየማቸው አሮጌ ኪታቦችን እየሰበሰቡ፣ እየጠረዙ አትርፈዋል። አዲስ አበባም ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የዐረብኛና የዐጀሚ ጽሑፎችን ያስቀምጣል። ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ ቤት ስትቀይሩ ወይም ስታጸዱ ሣጥኑን ሳትከፍቱ አትጣሉ። ውሃ ካለበት አርቁት፤ የተጣበቀውን ገጽ በግድ አትገንጥሉ፤ በፕላስተር አትለጥፉ። መጀመሪያ ፊደሉን ለሚያውቅ ኡስታዝ አሳዩና ምን እንደሆነ ይንገራችሁ። መስጠት ካልፈለጋችሁም ፎቶ ይነሣና ኪታቡ ከእናንተው ዘንድ ይቀመጥ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።