ለአካል ጉዳተኛ ሾፌር ባጃጅ መከራየት ይሻላል ወይስ የራስ ማድረግ?

(በዘመሮ ከተማ የሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰማው ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ አባሎች እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ አደለም። ሁለት አባሎቻችን ማመልከቻ አስገብተዋል። አንደኛዋ ግራ እግሯ በልጅነት ልምሻ የሰለለባት እኅታችን ናት። ሁለተኛው ቀኝ እግሩን በጦርነት ያጣ ወንድማችን ነው። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ «ባጃጅ ገዝተን ሠርተን እንድንበላ ማኅበሩ ዋስ ይሁነን» ነው። ዋስ መሆን ማለት እነሱ ያልከፈሉትን እኛ መክፈል ነው። ስለዚህ እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ነገሩን በሚዛን እናስቀምጠው።

እኔም በዚህ ነገር ባዳ አደለሁም። ግራ እግሬ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሰው ባጃጅ በቀን ገቢ ይዤ ሠርቻለሁ፤ በኋላም ዕቁብ ደርሶኝ የራሴን ገዝቼ ሠርቻለሁ። ከሁለቱም ቀምሻለሁና የቀመስኩትን ነው የምነግራችሁ።

በመጀመሪያ ባጃጁን ራሱን እንየው። መኪና ሲነዳ ግራ እግር ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ቀኝ እግር ነዳጅና ፍሬን ይረግጣል። ባጃጅ ግን ፍሪሲዮኑም ማርሹም በግራ እጅ ነው፤ ነዳጁ በቀኝ እጅ ነው፤ በእግር የሚረገጠው ፍሬኑ ብቻ ሲሆን እሱም በቀኝ እግር ነው። እንግዲህ ግራ እግሯ የሰለለባት እኅታችን ባጃጁን ምንም ሳትነካካው እንዳለ ልትነዳው ትችላለች። ቀኝ እግር የሌለው ወንድማችን ግን ፍሬኑ ወደ እጅ ካልመጣለት አይችልም። ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ለሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ የለውም። ይኸን ልብ በሉ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። የምጠራው ቁጥር ለምሳሌ ያህል ነው፤ የገበያውን ዋጋ በዕለቱ እየጠየቃችሁ መተካት ነው። ነዳጁን በኪራይም በግዢም ሾፌሩ ስለሚችለው ከሒሳቡ አውጥቼዋለሁ።

የቀን ገቢው 400 ብር፣ ሥራው በወር 26 ቀን ነው እንበል። ለባለንብረቱ የሚገባው በወር 10,400 ብር ነው። በሦስት ዓመት 374,400 ብር ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት ማብቂያ ሾፌሩ እጅ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

የግዢውን ደግሞ እንይ። ባጃጁ 400 ሺህ ብር፣ ቅድመ ክፍያው ከመቶ 20 ማለትም 80 ሺህ፣ ብድሩ 320 ሺህ፣ ወለዱ በዓመት ከመቶ 15 በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ፣ ጊዜው ሦስት ዓመት ነው እንበል። ዋናው ዕዳ በየወሩ እኩል ከተከፈለ ወለዱ ብቻውን 74 ሺህ ብር ይመጣል። በዚህ ላይ ለጎማ፣ ለዘይትና ለጋራዥ በወር 2,500 ብር ቢባል በሦስት ዓመት 90 ሺህ ነው። ለመድን፣ ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ በዓመት 10 ሺህ ቢባል 30 ሺህ ነው። ጠቅላላው 594 ሺህ ብር ይሆናል። በመጨረሻ ባጃጁ 250 ሺህ ብር ቢያወጣ ወጪው 344 ሺህ ላይ ይቆማል።

እንግዲህ አስተያዩት። በኪራይ 374,400፣ በግዢ 344,000። ልዩነቱ በሦስት ዓመት 30,400 ብር ብቻ ነው! ብዙዎቻችን «የራሱ ቢሆንለት ያልፍለታል» ስንል የኖርነው ለዚህችው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባልም ተረት አለን።

ከዚህ የሚብሰው የመጀመሪያው ዓመት ነው። በመጀመሪያው ወር ለዋናው ዕዳ 8,889 ብር፣ ለወለድ 4,000 ብር ይከፈላል። ጥገናውና መድኑ ሲጨመር ወደ 16,200 ብር ይጠጋል። ተከራዩ የሚከፍለው 10,400 ነው። ስለዚህ ገዢው በየወሩ ወደ 5,800 ብር አብልጦ ማግኘት አለበት። ወለዱ ከወር ወር እየቀነሰ ቢሄድም ሰው የሚወድቀው በዚህ በመጀመሪያው ዳገት ላይ ነው።

እኔን የጣለኝ ይኸው ነው። የራሴ ባጃጅ በሁለተኛው ክረምት ሞተሩ ተበላሸ። የእኛን አገር ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጭቃው፣ ጉሙ፣ ዳገቱ። ዕቃ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ቆመ። ዕቁቡ ግን አልቆመም፤ በልቼ ነበርና መጣል ነበረብኝ። በመጨረሻ ባጃጁን በርካሽ ሸጥኩት። ኪራይ ቢሆን ኖሮ ባጃጁ ሲቆም የቀን ገቢውም ይቆም ነበር፤ የሞተሩም ጉዳይ የባለንብረቱ ነበር።

ታዲያ ኪራይ ይሻላል ማለት ነው? ቆዩ። የኪራይም ጉድ አለው። በኪራይ በሠራሁበት ጊዜ የመቀመጫውን ከፍታ ለእኔ እንዲሆን በገንዘቤ አስተካክዬ፣ ክራንቼን የምሰካበትንም አሠርቼ ነበር። ውላችን በቃል ነበር። ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ገበያው በሚደምቅበት ሰዓት፣ ባለንብረቱ «ለዘመዴ ልሰጠው ነው» ብለው ወሰዱት። ያስተካከልኩት ሁሉ አብሮ ሄደ። ጤነኛ ሾፌር በማግሥቱ ሌላ ባጃጅ ይይዛል። እኔ ግን ሌላ ባለንብረት እስካገኝ፣ አግኝቼም «በዚህ እግርህ እንዴት ትነዳለህ?» የሚለውን ጥያቄ እስክመልስ፣ ሁለት ወር ቤቴ ተቀመጥኩ። በሰው በሬ የሚያርስ ሰው ዘር ሲደርስ በሬውን ቢነጠቅ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ አባሎቻችን ልመለስ።

ለእኅታችን የምለው ይህ ነው። ባጃጁ መለወጥ ስለማያስፈልገው የማንንም ይዛ መሥራት ትችላለች። ስለዚህ በመጀመሪያ አንድ ዓመት በኪራይ ትሥራ። ነገር ግን ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ባለንብረቱ ባጃጁን ከመውሰዱ በፊት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ ባጃጁ ጋራዥ በገባበት ቀን ገቢ እንዳይጠየቅ፣ የትኛው ብልሽት የማን እንደሆነ ይጻፍ። ማኅበሩ ምስክር ሆኖ ይፈርም። በዓመቱ ውስጥ የቅድመ ክፍያውን ቆጥባ ከተገኘች በሚመጣው ዓመት ስለ ዋስትናው እንነጋገራለን።

ለወንድማችን ግን ኪራይ መንገድ አይሆነውም። ፍሬኑን ወደ እጅ ላምጣ ቢል የትኛው ባለንብረት ይፈቅድለታል? ቢፈቅድለትስ ባጃጁ በተወሰደ ቁጥር እንደገና ሊያሠራ ነው? እሱ የራሱ ያስፈልገዋል። ሆኖም ማኅበሩ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር ይቅደም። አንደኛ፤ የመንጃ ፈቃዱን የሕክምና ምርመራ አልፎ፣ ፈቃዱን በእጁ ይያዝ። ሁለተኛ፤ የፍሬኑ ሥራ በሰፈር ብየዳ እንዳይሆን። ፍሬን ነፍስ ነው። የሚያውቅ መካኒክ ይሥራው፤ የተሽከርካሪ ምርመራ የሚያደርጉትም አይተው ይቀበሉት። ያልተፈቀደ ለውጥ ተደርጎ አደጋ ቢደርስ መድኑም ክርክር ያስነሳል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ መሆኑንም እንዳትረሱ።

ከኪራይና ከግዢ መካከልም አንድ መንገድ አለ። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ይባላል፤ አዋጅ ቁጥር 103/1990 ያቋቋመው ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 807/2005 ተሻሽሏል። አንዱ ዓይነቱ ድርጅቱ ዕቃውን ይገዛና ሠራተኛው ኪራይ እየከፈለ ይሠራበታል፤ ክፍያው ሲያልቅ ዕቃው የሠራተኛው ይሆናል። መያዣው ዕቃው ራሱ ስለሆነ ቤትና መሬት ለሌለው ሰው ይቀላል። በክልላችን ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ለዚህ ሥራ የተቋቋመ ነው። ኮሚቴው እሱንም፣ ድሮ አብቁተ የምንለውን የዛሬውን ጸደይ ባንክንም ሁኔታቸውን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በዚህ ሰሌዳ ይለጥፍ።

«ከቀረጥ ነፃ መኪና ለአካል ጉዳተኛ ይፈቀዳል ይባላል፤ ለምን አንጠይቅም?» ያላችሁ አላችሁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ ለተፈቀደበት ጉዳይ ብቻ የሚውል ነው፤ ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ሌላ ሰው አይዛወርም። ለራስ መንቀሳቀሻ ተብሎ የገባ መኪና ተሳፋሪ ጭኖ ለመብላት አይሆንም። ደግሞም በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ የሚገባው የኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ፍሪሲዮንና ማርሽ ስለሌለው ለእኛ ለአካል ጉዳተኞች ይመቻል። ይሁን እንጂ ባትሪ ብርድ ሲይዘው ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ዳገት ደግሞ ቶሎ ይጨርሰዋል። የእኛ አገር ሁለቱም አለው፤ መብራትም ይጠፋል። ከመግዛቱ በፊት ተከራይቶ በዚሁ በእኛ ዳገት መሞከር ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው? በእንግሊዝ አገር በ1977 እ.ኤ.አ. ሞታቢሊቲ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። አካል ጉዳተኛው ከመንግሥት የሚያገኘውን የመንቀሳቀሻ አበል ለኪራይ ያውላል፤ በልኩ የተስተካከለ መኪና ብዙውን ጊዜ ለሦስት ዓመት ይሰጠዋል። መድኑ፣ ጥገናው፣ መንገድ ላይ ሲቆም የሚያነሳው ሁሉ በኪራዩ ውስጥ ነው። ዛሬ ከ600 ሺህ በላይ ሰው ይጠቀምበታል። እነሱ ዘንድ ኪራይ ያሸነፈው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አደለም፤ ብልሽቱን ብቻውን የሚሸከም ሰው ስለሌለ ነው። እኛ ያ አበል የለንም። አገራችን ግን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ የመንቀሳቀስ መብትም በውስጡ ተጽፏል። መንግሥት እስኪደርስልን ድረስ ብልሽቱን መካፈል እኛም እንችላለን።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ዋስ ከመሆን ጋር አንድ የጥገና ሣጥን እናቋቁም። ባጃጅ የያዘው አባል ከሠራበት ቀን ሁሉ 50 ብር ያስገባ፤ በ26 ቀን 1,300 ብር፣ በዓመት 15,600 ብር ነው። ይህ ከዕለት ጥገናው ሌላ ነው። ባጃጁ በቆመ ጊዜ ዕዳው ከዚህ ይከፈላል፤ ዋሶቹ እጃችንን ወደ ኪሳችን የምንሰደው ይህ ካለቀ በኋላ ይሆናል። እኔ ያኔ እንዲህ ያለ ሣጥን ቢኖረኝ ኖሮ ባጃጄን አልሸጥም ነበር።

አባቶቼና እናቶቼ፤ ሁለቱ ሰዎች የመጡት ምጽዋት ሊለምኑ አደለም። ሥራ ነው የጠየቁት። እኛም ሒሳቡን ሳናይ በአዘኔታ ብቻ ብንፈርም እነሱንም ራሳችንንም ዕዳ ውስጥ እንከታለን። ፈርተን እንቢ ብንል ደግሞ ቤት ይውላሉ፤ ቤት መዋል ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። በሚመጣው ስብሰባ ድምፅ ይሰጣል። እስከዚያ ይኸን ወረቀት አንብቡ፤ ሒሳቡ የተሳሳተ የመሰለው ሰው ካለ ቢሮ መጥቶ ያርመኝ፤ ደስ ይለኛል።



የማኅበሩ ጸሐፊ