የፈረስና የጋላቢ ብቃት

በኦሃዮ ዋና ከተማ በኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለተጀመረውና በየዓመቱ ኦክቶበር ወር ላይ ለሚካሄደው «ኮንግረስ» የተባለ የኳርተር ዝርያ ፈረሶች ትርኢት ፈረስም ጋላቢም ዝግጅት የሚጀምሩት ቀደም ብለው ነው።

ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ሽምጥ ሲጋልብ ከ200 ያልፋል። በዚያን ጊዜ ጣፊያው ያከማቸውን ቀይ የደም ሕዋስ ይለቃል፤ ጡንቻውም ተጨማሪ ኦክስጅን ያገኛል። ትርታውን ለመለካት ከመንጋጋው ሥር ባለው የደም ሥር ላይ ጣት አሳርፎ ለ15 ሴኮንድ መቁጠርና በ4 ማባዛት ነው። ከልምምድ በኋላ ልቡ ቶሎ የሚረጋጋ ፈረስ ብቃቱ ጥሩ ነው።

ልብና ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሹ በረታ ተብሎ ቶሎ ሥራ የሚበዛበት ፈረስ የፊት እግሩ ጅማት ሊጎዳ ይችላል። ይህ ጥንቃቄ ጥር 23 በፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ለሚጋልበው የአገው ፈረሰኛም እኩል ይሠራል።

ሆዱና ወገቡ ያልጠነከረ ጋላቢ ኮርቻ ላይ ይዋልላል፤ ሚዛኑን በልጓም ሲጠብቅም የፈረሱን አፍ ያሳምማል።

የመንፈስ እርጋታ ደግሞ የዚህኑ ያህል ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የስዊድን ጥናት ሰዎች ፈረስ እየሳቡ ወይም እየጋለቡ ሲያልፉ ጃንጥላ በድንገት እንደሚከፈት ተነገራቸው። ጃንጥላው አልተከፈተም፤ ሆኖም የሰዎቹ የልብ ምት ጨመረ፣ ምንም ያልሰሙት የፈረሶቹም አብሮ ጨመረ። ስለዚህ ጋላቢ ኮርቻ ላይ ከመውጣቱ በፊት በረጅሙ እየተነፈሰ ራሱን ማረጋጋት ይለማመዳል።